ከሠራዊት ለተሰናበተ ተሽከርካሪ የሲቪል ሰሌዳ ማውጣት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከሠራዊት አገልግሎት የተሰናበቱ ተሽከርካሪዎችን ስለማስመዝገብ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች በዚህ ዓምድ ተጠራቅመዋል። የሚያነሡት ጉዳይ ተቀራራቢ ስለሆነ ይህን እትም ለእነርሱ ብቻ ሰጥተነዋል። የመጀመሪያው ደብዳቤ የብዙዎቹን ችግር አንድ ላይ ስለያዘ መልሱም ረዘም ይላል፤ የቀሩትን በየልካቸው እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ሠራዊት ካስወገዳቸው ተሽከርካሪዎች አንድ ባለ ሦስት አክስል የጭነት መኪና ገዝቻለሁ። የገዛሁት በቀጥታ ከጨረታው ሳይሆን፣ ዐሥራ አንድ መኪና በአንድ ጨረታ በጅምላ ካሸነፈ ነጋዴ ነው። በእጄ ያለው ሰነድ በነጋዴው ስም የተጻፈው የጨረታ ደብዳቤ ቅጂና እኔና እርሱ የተፈራረምነው የሽያጭ ውል ነው። መኪናው በጥሩ ሁኔታ ይሠራል። ለማስመዝገብ ስቀርብ ግን «የሻንሲ ቁጥሩ ዐሥራ ሰባት አኃዝ አይሞላም፤ የሞተሩ ቁጥርም ከደብዳቤው ጋር አይገጥምም» ተብዬ ተመለስኩ። ሻጩ «ቁጥሩን እንደገና ማስመታት ነው» ይለኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሣ፤ ቁጥሩን አያስመቱ። ከመዝጋቢው ባለሥልጣን ፈቃድ ውጭ የሻንሲ ቁጥር መፋቅ፣ መለወጥ ወይም አዲስ መምታት በአብዛኛው አገር በወንጀል ያስጠይቃል። አሁን ያለብዎት የሰነድ ጉድለት ሊሟላ የሚችል ነው፤ በግል የተመታ ቁጥር ግን መኪናውን እስከ ዕድሜው መጨረሻ ተጠርጣሪ ያደርገዋል። ሻጩ ምክሩን በቅንነት ሰጥቶዎት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ነገ በመርማሪው ፊት የሚቆሙት እርስዎ ነዎት።

የችግሩ ምንጭ የመኪናው ማርጀት ሳይሆን ከሲቪሉ መዝገብ ውጭ መወለዱ ነው። ለሲቪል ገበያ የሚሠራ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ወረቀቱ አብሮት ያድጋል፤ የአምራቹ ማረጋገጫ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ የመጀመሪያው ሰሌዳ፣ በየጊዜው የተደረገለት የቴክኒክ ምርመራና እያንዳንዱ የስም ዝውውር በፋይሉ ውስጥ ተደራርበው ይገኛሉ። ለሠራዊት የሚሠራው ግን በውል ታዝዞ፣ በሠራዊቱ የራሱ ሰሌዳ ተመዝግቦ፣ በሠራዊቱ ጋራዥ እየተመረመረ ዕድሜውን ይጨርሳል። ለምሳሌ የአሜሪካ ፌዴራል የተሽከርካሪ ደኅንነት ደንብ፣ በውል በተቀመጠ ዝርዝር መሠረት ተሠርቶ በቀጥታ ለአገሪቱ የጦር ኃይሎች የተሸጠ ተሽከርካሪ የሲቪሎቹ ደረጃዎች እንደማይመለከቱት በግልጽ ይደነግጋል። እንግዲህ ሠራዊቱ ባሰናበተው ዕለት፣ መኪናው የልደት ምስክር ወረቀት ሳይኖረው ለአካለ መጠን እንደደረሰ ሰው ሆኖ በመዝጋቢው ፊት ይቀርባል። የእርስዎም ድካም ያንን ወረቀት ከኋላ ተነሥቶ በሕጋዊ መንገድ ማሟላት ነው።

መዝጋቢው ምን እንደሚፈልግ ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተደረገው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ጥሩ መነሻ ይሆናል። የስምምነቱ አንቀጽ 35 የምዝገባ ምስክር ወረቀት ቢያንስ የሰሌዳውን ቁጥር፣ የመጀመሪያውን ምዝገባ ቀን፣ የባለይዞታውን ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የአምራቹን ስም ወይም የንግድ ምልክት፣ የሻንሲውን ቁጥር፣ ለጭነት መኪናም የተፈቀደውን ከፍተኛ ክብደት እንዲይዝ ይጠይቃል። የየአገሩ ቅጽ ቢለያይም የሚሞሉት ሣጥኖች ከእነዚህ ብዙም አይርቁም። እርስዎን ካስቸገሩት ነገሮች የሻንሲው ቁጥርና ባለይዞታነቱ እዚሁ ዝርዝር ውስጥ ሲሆኑ፣ የሞተሩ ቁጥር ግን በዚህ ዓለም አቀፍ ዝርዝር ውስጥ እንደሌለ ልብ ይበሉ።

ስለ ዐሥራ ሰባቱ አኃዝ፦ ዛሬ የምናውቀው የተሽከርካሪ መለያ ቁጥር አይ ኤስ ኦ 3779 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የተቀረጸ ሲሆን፣ በአሜሪካ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1981 የሞዴል ዓመት ጀምሮ ነው። ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ሲባል አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም። ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና፣ ሲቪልም ይሁን ወታደራዊ፣ አጭር ቁጥር ይዞ ቢገኝ ጉድለት አይደለም። ወታደራዊዎቹ ደግሞ ከዚያ ወዲህም ቢሆን በአጭር ተከታታይ ቁጥር ሲመረቱ ቆይተዋል። ስለዚህ «አኃዙ አልሞላም» የሚለው መልስ ብዙውን ጊዜ የኮምፒዩተሩ ቅጽ ጥያቄ እንጂ የሕጉ ጥያቄ አይደለም። ከመስኮቱ ላይ ከመከራከር ይልቅ፣ ተሽከርካሪው ከየትኛው ዓመት እንደሆነና ቁጥሩ በአምራቹ እንደዚሁ አጭር ሆኖ እንደተሰጠ የሚገልጽ ማመልከቻ በመኪናው ላይ ከተመታው የብረት መለያ ሳህን ፎቶግራፍ ጋር አያይዘው ለክፍሉ ኃላፊ ያቅርቡ። ለአሮጌ የሲቪል መኪናዎች የሚሠራበት አሠራር ከሞላ ጎደል በየትኛውም መዝገብ ቤት ስላለ፣ እንዲያስተናግዱዎት የሚጠይቁት በዚያው አሠራር ነው።

ከዚያ በፊት ግን በደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቁጥር በእርግጥ የሻንሲ ቁጥር መሆኑን ያረጋግጡ። በወታደራዊ ተሽከርካሪ ላይ ብዙ ቁጥሮች አሉ፤ ስሕተቱም በብዛት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። በዳሽቦርዱ ወይም በበሩ አጠገብ በሪቬት የተመታው የብረት ሳህን የተሽከርካሪውን ስያሜ፣ ተከታታይ ቁጥሩን፣ የግዢ ውሉን ቁጥር፣ የተረከቡበትን ቀንና ክብደቱን ሊይዝ ይችላል። በኔቶ አገሮች ዕቃ ላይ ደግሞ ዐሥራ ሦስት አኃዝ ያለው የኔቶ የዕቃ መለያ ቁጥር ይጨመርበታል። ይህ የመጨረሻው ቁጥር የመኪናው ሳይሆን የመኪናው ዓይነት መለያ ነው፤ አንድ ዓይነት የሆኑ ሺህ መኪናዎች ሁሉ አንድ ቁጥር ይጋራሉ። የጨረታ ዝርዝር የሚያዘጋጅ ጸሐፊ ረጅሙን ቁጥር አይቶ «ሻንሲ» በሚለው ዓምድ ሥር ቢገለብጠው ዐሥራ አንዱም መኪና አንድ የሻንሲ ቁጥር ይዞ ይወጣል። በኮፈኑ ወይም በመከላከያው ላይ በቀለም የተጻፈውም የሠራዊቱ የምዝገባ ወይም የክፍል ቁጥር እንጂ የሻንሲ ቁጥር አይደለም።

ሳህኑ ከጠፋ ወይም ተነቅሎ ከሌላ መኪና የመጣ ከመሰለ ወደ ሻንሲው ራሱ ይውረዱ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጂፖችን ብንወስድ፣ ዊሊስ ቁጥሩን በግራው የሻንሲ ምሰሶ ውስጠኛ ጎን በትንሽ ሳህን ሲያኖር፣ ፎርድ ግን እዚያው ግራ ምሰሶ ላይ በቀጥታ በብረቱ መትቶታል። በጭነት መኪናም ፍለጋውን ከፊተኛው ምሰሶ ይጀምሩ። አንድ ወዳጄ ይህን ቁጥር ሲፈልግ አብሬው ግማሽ ቀን በመኪና ሥር አሳልፌአለሁ፤ ከአራት ንብርብር ቀለም በታች ተቀብሮ አገኘነው። ያገኘነውም ቀለሙን በማስለቀቂያ ፈሳሽና በለስላሳ ብሩሽ ስላነሣን ነው። ሌላ ሰው እንደመከረን በመፍጫ ድንጋይ ብንነካው ኖሮ ቁጥሩን ከማጥፋት አልፎ ሆን ብለን የፋቅነው ያስመስልብን ነበር።

የሞተሩ ቁጥር አለመግጠሙ ከሁሉም ያነሰው ጭንቀትዎ መሆን አለበት። በሠራዊት የጥገና ማዕከል ሞተር እንደ አንድ ሙሉ ዕቃ ወርዶ ሌላ ይገባለታል፤ የወረደው ተጠግኖ በሌላ መኪና ላይ ይሰቀላል። በዚህ መንገድ ሃያ ወይም ሠላሳ ዓመት ያገለገለ መኪና የመጀመሪያ ሞተሩን ይዞ ቢገኝ ነው የሚያስገርመው። የሚያስፈልገው፣ የቴክኒክ መርማሪ በመኪናው ላይ ያለውን የሞተር ቁጥር በዐይኑ አይቶ የሚያሰፍርበት ሪፖርትና የሞተሩ ቁጥር በሪፖርቱ መሠረት እንዲመዘገብ የሚጠይቅ ማመልከቻ ነው። ቁጥሩ ግን ተፍቆ ከተገኘ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ከመርማሪው ቀድመው ለመዝጋቢው ራስዎ ያሳውቁ።

እውነተኛው ፈተና የባለይዞታነቱ ሰንሰለት ነው። ከሠራዊቱ እስከ እርስዎ ድረስ ሁለት ዝውውር አለ፤ ከሠራዊቱ ወደ ነጋዴው፣ ከነጋዴው ወደ እርስዎ። ሁለተኛው ውል አለዎት፤ ይህ ውል መኪናውን በሻንሲ ቁጥሩ የማይገልጽ ከሆነ ቁጥሩ ከተረጋገጠ በኋላ በአዲስ ውል ይተኩት፣ ሥልጣን ባለው አካል ፊትም ያስመዝግቡት። ለመጀመሪያው ዝውውር የጅምላው ደብዳቤ ቅጂ አይበቃም። ነጋዴው ዋናውን ደብዳቤ ይዞ ወደ አስወጋጁ አካል እንዲቀርብና ለዚህ መኪና ብቻ፣ በትክክለኛው የሻንሲ ቁጥር፣ የተለየ የማስተላለፊያ ሰነድ እንዲሰጠው እንዲጠይቅ ያድርጉ። ዋናው ደብዳቤ አንድ፣ መኪናዎቹ ዐሥራ አንድ ስለሆኑ፣ ሌሎቹም ገዥዎች ያው ችግር ስላለባቸው በጋራ ብትጠይቁ ይቀልላችኋል። ነጋዴውም ሒሳቡ ተጠናቅቆ ከከሰመ በኋላ ከሚፈለግ አሁኑኑ ቢፈለግ ይሻላል፤ የጨረታ ነጋዴ አድራሻ ቶሎ ይለዋወጣል።

ይህ ሰነድ በሌላው ዓለም ምን እንደሚመስል ማወቁ አይጎዳም። የአሜሪካ መንግሥት ለሚያስወግደው ተሽከርካሪ ስታንዳርድ ፎርም 97 የተባለ ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ስሙም የተሽከርካሪ ባለቤትነት ለማግኘት የሚያገለግል ሰነድ እንደሆነ ይናገራል። ገዥው ይህን ይዞ ለግዛቱ መዝጋቢ ያመለክታል እንጂ ወረቀቱ በራሱ ሊብሬ አይደለም። በብሪታንያ ቀደም ሲል በሲቪል መዝገብ ያልነበረ ያገለገለ ተሽከርካሪ ቪ 55 በ5 በተባለው ቅጽ ይመዘገባል፤ ማንነቱን ወይም ዕድሜውን ማረጋገጥ ያልተቻለው በኪው ፊደል የሚጀምር ሰሌዳ ይሰጠዋል። የኪው ሰሌዳ ለኩራት የሚበቃ አይደለም፤ ቢሆንም ሕጋዊ መንገድ እንዳለ ያሳያል። ቁጥሩ ጨርሶ የማይገኝ ቢሆን እንኳ ባለሥልጣኑ አጣርቶ ራሱ አዲስ ቁጥር ሊመድብ ይችላል፤ ይህና ሻጩ ያሰበው ማስመታት አንድ ዓይነት መዶሻ ይጠቀሙ ይሆናል እንጂ በሕግ ፊት አይገናኙም።

ሁለት ነገር ልጨምርና ወደሚቀጥለው ልለፍ። የመጀመሪያው «የመጀመሪያ ምዝገባ ቀን» የሚለው ሣጥን ነው። መኪናው በሲቪል ተመዝግቦ ስለማያውቅ ቀኑ ዛሬ ይሆናል፣ ወይስ የተሠራበት? የቪየናው ስምምነት አገሮች በምዝገባ ቀን ፈንታ የምርት ዓመት እንዲጽፉ ይፈቅዳል። ብዙ ነገር፣ ከግብር እስከ ቴክኒክ ምርመራ ድረስ፣ በዚህ ዓመት ላይ ስለሚንጠለጠል ዓመቱን ያለማስረጃ አይስጡ። ለምሳሌ በጀርመን የታሪካዊ ተሽከርካሪ ሰሌዳ 30 ዓመት ይጠይቃል፤ በብሪታንያ ደግሞ 40 ዓመት የሞላው በአብዛኛው ከዓመታዊ ምርመራ ነፃ ይሆናል። በሳህኑ ላይ ሁለት ቀን ካገኙ አይደናገጡ፤ ሠራዊት መኪናን ሙሉ በሙሉ አድሶ የእድሳቱን ሳህን ከዋናው ጎን ይመታል። የመኪናው ዕድሜ የሚቆጠረው ግን ከመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ጉምሩክ ነው። ለሠራዊት የገባ ዕቃ በብዙ አገሮች ከቀረጥ ነፃ ስለሆነ ወደ ሲቪል እጅ ሲተላለፍ ቀረጡ ይጠየቃል። ማን እንደሚከፍለው በጨረታው ሰነድ ካልተጻፈ የመጨረሻው ገዥ ጫንቃ ላይ የመውደቁ ዕድል ሰፊ ነው።

ጥያቄ፦ ከሠራዊት የተሰናበተ መኪና ለቴክኒክ ምርመራ ላቀርብ ነው። ኤሌክትሪኩ 24 ቮልት ስለሆነ ወደ 12 መለወጥ አለብኝ? ሌላስ ምን ይፈተሻል?

መልስ፦ 24 ቮልት በሲቪል ከባድ መኪናዎችም የተለመደ ስለሆነ መለወጥ የለብዎትም። መርማሪው የሚያየው መብራቱ መብራቱን ነው፤ ቮልቱን አይለካብዎትም። ጥንቃቄ የሚያሻው 12 ቮልት አምፖል ያለው ተሳቢ ሲቀጥሉበት ነው፤ አምፖሎቹ ወዲያው ይቃጠላሉ።

ብዙዎች የሚወድቁት በማብሪያው ነው። ወታደራዊ ተሽከርካሪዎች ከጠላት ዐይን ለመሰወር የተሸፈነ ደብዛዛ መብራት አላቸው፤ በአሜሪካ ሠራዊት መኪናዎች ላይ ማብሪያው በርካታ ደረጃ ያለውና በስሕተት እንዳይበራ መቆለፊያ ማንሻ የተሠራለት ነው። ማብሪያው በስውር ደረጃው ላይ ከቀረ መደበኛው የፍሬን መብራት አይሠራም። ሾፌሩ ፍሬን ይረግጣል፣ መርማሪው ከኋላ ቆሞ ምንም አያይም፤ መኪናው «የፍሬን መብራት የለውም» ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ማንሻዎቹን አስቀድመው ይለማመዱባቸው፤ ቢቻል የስውሩን መስመር በመካኒክ ያስለዩት። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ በፊት የተሠሩ ብዙዎቹ ፍሬቻ ስለሌላቸው መግጠም ይኖርብዎታል። ከፊት ነጭ ወይም ቢጫ፣ ከኋላ ቀይ መብራት፣ ከኋላ ቀይ አንጸባራቂ፣ በሁለቱም ጎን ስፖኪዮ፣ የሚሰማ ክላክስና የሚይዝ የእጅ ፍሬን ከየትም አገር መርማሪ ቢጠበቁ አያስደንቅም።

ፍሬኑ ላይ ቆም ልበል። ኤም 35 ኤ 2 የተባለውን የአሜሪካ የጭነት መኪና ብንወስድ፣ በአየር የሚታገዘው የፍሬን ዘይት ወደ ስድስቱም እግር የሚሄደው በአንድ መስመር ነው፤ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ ዋናው ፍሬን በሙሉ ይጠፋል። ብዙ አገሮች ለተሠራበት ዘመን የተፈቀደውን ስለሚቀበሉ መኪናው ምርመራውን ሊያልፍ ይችላል። ማለፉ ግን ለእኔ በቂ አይደለም፤ ዓመታት ቆሞ የነበረ መኪና ከሆነ የጎማ ቱቦዎቹን ሁሉ ይለውጡ፣ ገንዘብ ሲያገኙም የፍሬኑን መስመር ለሁለት ያስለዩት። የተለወጠውን ሁሉ በሰነድ ይያዙት፤ ዛሬ የገጠሙት ነገር ከሁለት ዓመት በኋላ ያልተፈቀደ ለውጥ ሆኖ ሊነሣብዎት ይችላል። አሮጌ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በአየር አያስነፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

ጎማው ጥርሱ አዲስ ቢመስልም አይታለሉበት፤ በመጋዘን የተቀመጠ ጎማ ሳይሽከረከር ያረጃል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የተሠሩ ጎማዎች ጎን ላይ አራት አኃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የቀሩት ዓመቱን ይናገራሉ። ጎማ ሲያስለውጡ ደግሞ ቸርኬው ሁለት ግማሽ ሆኖ በብሎን የተያያዘ መሆን አለመሆኑን ለጎሚስታው አስቀድመው ይንገሩት፤ ሀምቪ የተባለው የአሜሪካ ወታደራዊ መኪና ቸርኬ እንደዚህ ነው። አየሩ ሳይወጣ የተሳሳተውን ብሎን መፍታት ሕይወት ያጠፋል።

ጥያቄ፦ በስሙ «ሁለት ተኩል ቶን» የሚባል ወታደራዊ የጭነት መኪና በቀላል መንጃ ፈቃድ መንዳት እችላለሁ? ከኋላ ያሉት የወታደር መቀመጫዎችስ በሰው ቁጥር ይመዘገባሉ?

መልስ፦ አይችሉም። በወታደራዊ ስያሜ ውስጥ ያለው ቶን መኪናው ከመንገድ ውጭ የሚሸከመው ጭነት እንጂ የራሱ ክብደት አይደለም። ከላይ የጠቀስነው ኤም 35 ኤ 2 ባዶውን ወደ ስድስት ቶን ይመዝናል፤ ከመንገድ ውጭ 5,000 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 2,270 ኪሎ ግራም፣ በጥርጊያ መንገድ ላይ ደግሞ የዚያን እጥፍ እንዲጭን ታስቦ የተሠራ ነው። በቪየናው ስምምነት ቀላል የሚባለው ምድብ ጠቅላላ የተፈቀደው ክብደት ከ3,500 ኪሎ ግራም የማይበልጥና ከሾፌሩ ሌላ ከስምንት መቀመጫ የማያልፍ ስለሆነ፣ ይህ መኪና ጭነት ሳይኖረውም ከምድቡ ውጭ ነው። በተቃራኒው፣ በአሜሪካ የንግድ መንጃ ፈቃድ የሚጠየቀው ከ26,000 ፓውንድ በላይ ስለሆነ እዚያ ይኸው መኪና ከወሰኑ በታች ይቀራል። ለምዝገባ ሲቀርቡ ሁለቱን የክብደት አኃዞች ከሳህኑ ላይ ለይተው ያሳዩ፤ «2.5 ቶን» ተብሎ በስሕተት ከተጻፈልዎት በየሚዛኑ ጣቢያ ትርፍ ጭነት የጫኑ ይመስልብዎታል።

የጎን መቀመጫዎቹን በተመለከተ፣ ወደ ጎን የሚያዩና ቀበቶ የሌላቸው ስለሆኑ በሰው ቁጥር አያስመዝግቧቸው። ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ምድቡን ወደ ሕዝብ ማመላለሻ ይወስደዋል፤ የኢንሹራንሱም ዓይነት ይለወጣል። ስፋቱን ደግሞ መለካት ያስፈልጋል። በአውሮፓ ኅብረት የተለመደው ወሰን 2.55 ሜትር ሲሆን፣ ከጭነት መኪናዎቹ አብዛኞቹ በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። እንደ ቢ ቲ አር 80 ያለ ባለ ስምንት እግር ብረት ለበስ ግን ወደ 2.9 ሜትር ስለሚሰፋ፣ ሰሌዳ ቢያገኝ እንኳ ልዩ ፈቃድ ሳይዝ ከግቢ አይወጣም።

ጥያቄ፦ የገዛሁት የቀድሞ የጦር አምቡላንስ ነው። የመጀመሪያ መልኩን እንደያዘ፣ ከነቀይ መስቀሉ ማስመዝገብ እፈልጋለሁ። ይፈቀዳል?

መልስ፦ መልኩን መጠበቅ መልካም ነው፤ መስቀሉ ግን መነሣት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት የቀይ መስቀልንም ሆነ የቀይ ጨረቃን ምልክት ያልተፈቀደላቸው ግለሰቦችና ድርጅቶች በማንኛውም ጊዜ፣ በሰላም ጊዜም ጭምር፣ እንዳይጠቀሙበት ይከለክላል። ምልክቱ ጦር ሜዳ ላይ ሰው የሚያድነው ለሌላ ነገር ስለማይውል ነውና ክልከላው የወግ ጉዳይ አይደለም።

የሠራዊት ዓርማ፣ የክፍል ቁጥርና የቀድሞው ወታደራዊ ሰሌዳም ከምዝገባ በፊት መውረድ ይኖርባቸዋል። ጥልፍልፍ (ካሞፍላጅ) ቀለሙ ግን እንደ አገሩ ነው። ባርቤዶስና ጃማይካን በመሳሰሉ አገሮች ሲቪል ሰው ጥልፍልፍ ልብስ መልበስ እንኳ ስለሚከለከል፣ እንዲህ ባለ ቦታ መኪናን በዚያ ቀለም ማንቀሳቀስ ችግር መጥራት ነው። አንድ ወጥ ወታደራዊ አረንጓዴ በብዙ ቦታ ያልፋል፤ በሊብሬው ላይ የሚጻፈው ቀለም ከመኪናው ጋር እንዲገጥም ግን ቀለሙን ሳይቀቡ አያስመዝግቡ። አሮጌውን ቀለም ሲፍቁ ጭንብል ያድርጉ፤ አሮጌ ወታደራዊ ቀለሞች እርሳስና ክሮሚየም ሊኖራቸው ይችላል። በጨለማ የሚያበራ የዳሽቦርድ ሰዓት ካለ አይፍቱት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የነበሩት በራዲየም የተቀቡ ናቸው።

የመትረየስ መቀመጫ፣ የጢስ ቦምብ መወርወሪያና የብረት ልብስ ከቀለም የተለየ ጉዳይ ነው። ለወታደራዊ አገልግሎት የተነደፉ ተሽከርካሪዎች የጦር መሣሪያ ወደ ውጭ መላክን ለመቆጣጠር አገሮች እ.ኤ.አ. በ1996 ባቋቋሙት የቫሰናር ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ስላሉ፣ ድንበር ሲሻገሩ የላኪው አገር ፈቃድ ሊጠየቅባቸው ይችላል። መኪናው ከውጭ የመጣ ከሆነ ይህ ፈቃድና የጦር መሣሪያ ክፍሎቹ መነሣታቸውን የሚገልጸው ሰነድ በእጅዎ እንዳሉ አስቀድመው ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ለሽያጭ የቀረበልኝ ኤም 151 ጂፕ ነው። ሻጩ «ወለሉ ላይ ትንሽ ብየዳ አለበት» ብሎኛል። ልግዛው?

መልስ፦ ብየዳው ከወለሉ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከዚያም በሁለቱም ጎን ወደ ላይ የሚሄድ ከሆነ አይግዙት። በፎርድ የተነደፈው ኤም 151 በኋላ እግሮቹ ልዩ አሠራር ምክንያት በፍጥነት ሲታጠፍ ይገለበጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣው ኤም 151 ኤ 2 የኋላው ተሻሽሏል። ቢሆንም የአሜሪካ መከላከያ ለሕዝብ መንገድ እንዲሸጥ ስላልፈለገ ብዙዎቹን ቆርጦ በቁርጥራጭ ብረትነት አስወግዷቸዋል። ቆይቶ ግማሾቹን ገጥመው የበየዱ ሰዎች ነበሩ። ይህ መኪና የተለየ ሻንሲ የለውም፤ አካሉ ራሱ ሻንሲው ስለሆነ የተቆረጠው ዕለት እንደ ተሽከርካሪ ሞቷል። የሁለት መኪና ግማሽ ሊሆንም ይችላልና የትኛውን ቁጥር ያስመዘግቡታል? ያልተቆረጠ፣ ሰነዱም የተሟላ ካገኙ ግን ቀርፋፋና አስደሳች መኪና ነው።

ጥያቄ፦ በማስወገጃ ሰነዱ ላይ «ከመንገድ ውጭ ለሚደረግ አገልግሎት ብቻ» የሚል ተጽፎ አየሁ። መብራቱንና ፍሬኑን ባሟላ ይነሣልኛል?

መልስ፦ በጥገና አይነሣም። ይህ የመኪናው ጉድለት ሳይሆን ባለቤቱ የነበረው አካል የሸጠበት ቅድመ ሁኔታ ነው። የአሜሪካ ሠራዊት ሀምቪዎችን እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ለሕዝብ ጨረታ ማቅረብ ሲጀምር በዚህ ዓይነት ገደብ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ሰሌዳ የሰጡ ግዛቶችም፣ የከለከሉም ነበሩ። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የሰነዱን ቅጂ ይዘው ለሚያስመዘግቡበት ባለሥልጣን ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። «ይቻላል» ያለዎት የመስኮቱ ሠራተኛ በምዝገባው ዕለት ፈረቃው ላይኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ጨረታ አሸንፌ መኪናውን ልረከብ ነው። ሰሌዳ ሳይኖረው እስከ ጋራዥ ድረስ እየነዳሁ ብወስደው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ሰሌዳ የሌለው መኪና ኢንሹራንስም አይኖረውም፤ በመንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ሁሉ በእርስዎ ላይ ይሆናል። አገሩ ጊዜያዊ ሰሌዳ የሚሰጥ ከሆነ ከነኢንሹራንሱ ያውጡ፤ የማይሰጥ ከሆነ በሎቤድ ያስጭኑት። ለእኔ ጊዜያዊ ሰሌዳ ቢኖርም ሎቤዱ ይመረጣል፤ ፍሬኑ ከተፈተሸ ስንት ዓመት እንደሆነው ማንም አይነግርዎትምና።